ባዶውን ኪሎ ሜትር ማን ይከፍላል?

ከሹፌሩ ጎን ነበር የተቀመጥኩት። ዳሽቦርዱ ላይ ሁለት ስልክ ሰክቷል። በአንዱ የአንድ ካምፓኒ አፕ ተከፍቷል፣ በሌላው የተቀናቃኙ። "ሥራ እንዴት ነው?" አልኩት። መልስ ከመስጠት ይልቅ በጣቱ ወደ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ጠቆመኝ።

"ከጠዋት ጀምሮ 140 ነድቻለሁ። ሰው ጭኜ የሄድኩት 80 ቢሞላ ነው።"

"ቀሪውስ?"

"ቀሪውማ የኔ ነው፣ ወንድሜ" አለና ሳቀ።

ያቺ መልስ እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣችም። ስለ ራይድ አፖች የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ቴክኖሎጂው፣ ስለ ዋጋው ወይ ስለ መሥራቾቹ ጠባይ ነው። እኔ ግን ነገሩን መረዳት የሚፈልግ ሰው ከነዚያ 60 ኪሎ ሜትሮች ቢጀምር ይሻለዋል ባይ ነኝ። ነዳጅ ተቃጥሏል። ጎማ ተበልቷል። መንገድ ተይዟል። ሰው ግን አልተጓዘም። ማን ከፈለ? ከዚህ በኋላ የከተማ ትራንስፖርት የት ይደርሳል የሚለው ክርክር ዞሮ ዞሮ እዚህች ጥያቄ ላይ ነው የሚያርፈው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ ደጋግሜ እንዳልጽፈው ብዬ ነው።)

ከስሙ እንጀምር። "ራይድ ሼሪንግ" ይሉታል፣ ጉዞ መጋራት። መጋራት ማለት እኮ ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው ወደ ሥራው እየነዳ ነው። ሦስት ወንበር ባዶ ነው። አንተም ወደዚያው ነህ። ትገባለህ፣ ነዳጅ ታግዘዋለህ፣ አበቃ። መኪናው አንተ ኖርክም አልኖርክም ይሄድ ነበር። አንተ ስለጠራኸው ብቻ ተነስቶ የመጣ መኪና ግን ምን ተጋራ? እሱ ታክሲ ነው። እኛ ደግሞ ኮንትራት የሚል ጥሩ ስም አለን።

እውነተኛው መጋራት የቆየ ሐሳብ ነው። በ1914 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ባለመኪና በፎርድ ሞዴል ቲው መንገድ ላይ ያገኘውን የማያውቀውን ሰው ጭኖ 5 ሳንቲም ተቀበለ። ሌሎችም አዩና ተከተሉት። በ1915 በመላ አሜሪካ ከ60,000 በላይ እንዲህ ያሉ መኪኖች እንደነበሩ ይገመታል። "ጂትኒ" ይሏቸው ነበር፣ በአራዳ ቋንቋ አምስት ሳንቲም ማለት ነው። የትራም ካምፓኒዎቹ አበዱ። እኛ ሰው ባለበትም በሌለበትም ሰዓት ሀዲድ ላይ እንሄዳለን፣ እነዚህ ግን ቅቤውን ወስደው አሬራውን ተዉልን አሉ። ከተሞቹ ፈቃድ አምጡ፣ ዋስትና አስይዙ እያሉ በጥቂት ዓመት ውስጥ አብዛኛውን አከሰሟቸው። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣው ጠብ ብዙም አይገርመውም። ተከራካሪዎቹ ናቸው እንጂ ክርክሩ አልተቀየረም።

ዛሬም በትክክል የሚጋራ ካምፓኒ አለ፣ የፈረንሳዩ ብላብላካር። መሥራቹ ፍሬደሪክ ማዜላ በ2003 ለገና ወደ ቤተሰቦቹ ሊሄድ ሲል ባቡሩ ሞልቶ ቦታ አጣ። እህቱ በመኪና መጥታ ወሰደችው። መንገዱ ላይ ያየው ነገር አንድ አንድ ሰው ብቻ የያዙ መኪኖች ሰልፍ ነበር። ካምፓኒው በ2006 ተቋቋመ። ሹፌሩ የሚቀበለው የወጪውን ድርሻ ነው፣ ትርፍ የለም። ይሄ ከከተማ ወደ ከተማ ይሠራል፤ ሰው አስቀድሞ ያቅዳል፣ የሚያተርፈውም ገንዘብ ደህና ነው። ከተማ ውስጥ ግን ለ15 ደቂቃ መንገድ ማን ነው ከማያውቀው ሰው ጋር ቀጠሮ የሚይዘው?

ሊፍት የተባለው የአሜሪካ ራይድ ካምፓኒ ይህን በራሱ ላይ አይቶታል። ሎጋን ግሪን ዚምባብዌን ሲጎበኝ ሰዎች ሚኒባስ ተጋርተው ሲሄዱ አየ። ከጆን ዚመር ጋር በ2007 የጀመሩትን የጉዞ መጋሪያ ድርጅት ስሙን "ዚምራይድ" ያሉት ከዚያው ነው። ልብ በሉ፣ ሐሳቡ የመጣው ከአፍሪካ ሚኒባስ ነው! ዚምራይድ በዩኒቨርሲቲዎች መካከል ለረጅም መንገድ ደህና ሆነ። ከተማ ውስጥ ለመግባት ሲፈልጉ ግን ሌላ ነገር መሥራት ነበረባቸው። በ2012 ሊፍትን ከፈቱ። መኪኖቹ የግል ነበሩ። ፊታቸው ላይ ትልቅ ሮዝ ጢም ተለጥፎባቸዋል። ክፍያውም በመጀመሪያ "መዋጮ" ነበር የሚባለው፣ ታክሲ እንዳይባሉ።

ተቀናቃኙ ኡበር ደግሞ በተቃራኒው በኩል ነው የመጣው። ጋሬት ካምፕና ትራቪስ ካላኒክ በ2009 ሲያስቡት ጥቁር የቅንጦት መኪና በስልክ መጥራት ነበር፣ የመጋራት ወሬ አልነበረም። በ2010 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሥራ ሲጀምር ስሙ "ኡበርካብ" ነበር። ፈቃድ የሌለህ ታክሲ ነህ የሚል የእገዳ ደብዳቤ ሲመጣባቸው "ካብ"ን ቆርጠው ጣሏት። ሥራውን አላቆሙም፣ ስሙን ብቻ አሳጠሩት። ሊፍት በግል መኪና ሲገባ እነሱም ተከተሉ። በ2013 ካሊፎርኒያ ለዚህ ሥራ አዲስ የሕግ ምድብ አወጣችላቸው። ከዚያ በኋላ ዓለምን አዳረሰ። ቻይና ውስጥ ዲዲ፣ ሕንድ ውስጥ ኦላ፣ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ውስጥ ግራብና ጎጄክ፣ ኢስቶኒያ ውስጥ አንድ የ19 ዓመት ልጅ የጀመረው ቦልት መጡ።

እውነቱን ለመናገር ያመጡት ጥቅም ትንሽ አይደለም። ድሮ ታክሲ ለማግኘት መንገድ ዳር ቆሞ እጅ ማውለብለብ ነበር። ዋጋው በሹፌሩ ፊት መልክ ይወሰናል። ዝናብ ሲዘንብ ጭራሽ የለም። አሁን መኪናው የት እንደደረሰ ይታያል፣ ዋጋው ሳትገባ ይነገርሃል፣ ሹፌሩም ማን እንደሆነ ተመዝግቧል። በሌሊት ብቻዋን የምትሄድ ሴት ቤተሰቦቿ መንገዷን በስልክ ይከታተላሉ። ይህን "ምን አዲስ ነገር አለው" ብሎ የሚያጣጥል ሰው ወይ የራሱ መኪና አለው ወይ የድሮውን ረስቶታል።

ግን አፑ የፈታው ችግር መኪና የማግኘት ችግር ነው። መንገዱ ላይ ያለውን ቦታ አላሰፋም። መኪናው ዞሮ ዞሮ መኪና ነው።

ገንዘቡስ? መጀመሪያ አካባቢ ሁሉም ሰው "እንዴት እንዲህ ረከሰ?" ይል ነበር። መልሱ ቀላል ነው፣ ሌላ ሰው እየከፈለልህ ነበር። ኢንቨስተሮች ለተሳፋሪው ቅናሽ፣ ለሹፌሩ ጉርሻ ያፈሱ ነበር። ስሌቱ ብዙ መኪና ካለ ሰው ብዙም አይጠብቅም፣ ሰው ካልጠበቀ ብዙ ይጠራል፣ ብዙ ከጠራ ሹፌር ይመጣል የሚል ነው። መጀመሪያ የደረሰ ከተማውን ይይዛል፣ ከዚያ ዋጋውን እንደፈለገ ያደርጋል። ችግሩ ሁሉም ተመሳሳይ ስሌት መሥራቱ ነው። ኡበር ቻይና ውስጥ በዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እየከሰረ እንደሆነ ራሱ ካላኒክ በ2016 ተናግሯል፣ በዚያው ዓመትም ሥራውን ለዲዲ አስረክቦ ድርሻ ይዞ ወጣ። በ2017 ሩሲያ ውስጥ ከአገሩ ካምፓኒ ከያንዴክስ ጋር ተዋሐደ፣ በ2018 ደቡብ ምሥራቅ እስያን ለግራብ ተወ። አስቂኙ ነገር የጃፓኑ ኢንቨስተር ሶፍትባንክ በኡበርም፣ በዲዲም፣ በግራብም፣ በኦላም ገንዘብ ነበረው። እርስ በርስ የሚዋጉት ካምፓኒዎች ጥይታቸውን የሚገዙት ከአንድ ኪስ ነበር ማለት ነው።

በግንቦት 2019 ኡበር አክሲዮኑን ለሕዝብ ገበያ አቀረበ። በዚያ ዓመት ኪሳራው 8.5 ቢሊዮን ዶላር ሆነ (ብዙው ለሠራተኞች የተሰጠ አክሲዮን ቢሆንም)። ከዚያ ወለድ ጨመረ፣ የኢንቨስተሮች ትዕግሥት አለቀ፣ ዋጋም ወጣ። በ2023 ኡበር ለመጀመሪያ ጊዜ ከዓመት ሥራው 1.1 ቢሊዮን ዶላር አተረፈ። ርካሹ ዘመን ማስታወቂያ እንደነበር ያኔ ብዙ ሰው ገባው።

አሁን ወደዚያ ሹፌር እንመለስ። የአንድ ሰዓቱን ሥራ በቅርበት እንየው። ተሳፋሪ አውርዶ ቆሟል። ስልኩ ዝም ብሏል። አሥር ደቂቃ ይጠብቃል። ወደ ሰው ወደሚበዛበት ሰፈር ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ይሄ በነጻ ነው። ስልኩ ይጮኻል፣ ለመቀበል ጥቂት ሰከንድ አለው። ተሳፋሪው ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ያለው፣ ይሄም በነጻ ነው፣ ወይም ከነጻ ብዙ አይርቅም። ደረሰ። ተሳፋሪው "መጣሁ" እያለ አምስት ደቂቃ ያስጠብቀዋል። ከዚያ የ12 ደቂቃ ጉዞ። ገንዘብ የመጣው ከነዚያ 12 ደቂቃዎች ብቻ ነው። ከዚያ ላይ ኮሚሽን ይነሳል። ድሮ ቁርጥ ነበር፣ ኡበር በ20 በመቶ ጀምሮ ወደ 25 ከፍ አደረገ። በኋላ ተሳፋሪው የሚከፍለውና ሹፌሩ የሚቀበለው በየራሳቸው መንገድ መሰላት ሲጀምሩ፣ ሹፌሩ ካምፓኒው ምን ያህል እንደወሰደ ለማወቅ ካልኩሌተር ማውጣት ግድ ሆነበት።

አፑ ለምን ብዙ ሹፌር ይፈልጋል? አየኸው አይደል፣ ለካምፓኒው ቆሞ የሚጠብቅ መኪና ምንም ወጪ የለውም። እንዲያውም ብዙ መኪና ቆሞ ከጠበቀ ተሳፋሪው በሁለት ደቂቃ ያገኛል፣ ደስ ይለዋል። የዚያ ደስታ ሂሳብ የሚወጣው ከሹፌሩ ነው። የዚህ ሥራ ሞተሩ ይሄ ነው። በየአገሩ ፍርድ ቤት ያለውም ክርክር፣ "ሹፌር ሠራተኛ ነው ወይስ የራሱ አለቃ?" ቢባልም፣ ገለጥ ሲያደርጉት ስለ መጠበቂያ ጊዜ ነው።

ለምሳሌ የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየካቲት 2021 የኡበር ሹፌሮች ዝቅተኛ ደመወዝና የዕረፍት ክፍያ የሚገባቸው ሠራተኞች ናቸው አለ። የሥራ ሰዓቱም አፑ ተከፍቶ ሹፌሩ ለመቀበል ዝግጁ ከሆነበት ጊዜ ይቆጠራል አለ። ኡበር በወሩ ተስማማሁ ብሎ መግለጫ አወጣ። ዝቅተኛ ደመወዙን የሚያሰላው ግን ጉዞ ከተቀበሉበት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነ እዚያው ላይ ጻፈ። መጠበቁ ወጣ! በካሊፎርኒያም ካምፓኒዎቹ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥተው በ2020 በሕዝብ ድምፅ ያስወሰኑት ሕግ፣ ፕሮፖዚሽን 22፣ ከዝቅተኛው ደመወዝ 120 በመቶ ዋስትና ይሰጣል። ጥሩ ይመስላል። የሚቆጠረው ግን ተሳፋሪ ለማምጣት ከተነሱበት እስከሚያወርዱበት ድረስ ብቻ ነው። ሁለቱም ጋር ያቺው 60 ኪሎ ሜትር ተንሸራታ ሹፌሩ እግር ሥር ወደቀች።

ነገሩን ፊት ለፊት የገጠመችው ኒው ዮርክ ናት። በ2018 አዳዲስ የአፕ መኪና ፈቃዶችን አቆመች። በ2019 ደግሞ የሹፌሮችን ዝቅተኛ ክፍያ ከወጪ ቀሪ በሰዓት 17.22 ዶላር አደረገች። ብልኃቷ ስሌቱ ውስጥ ነው። የደቂቃውና የማይሉ ክፍያ የሚሰላው መኪኖቹ ከሥራ ሰዓታቸው ስንቱን ሰው ጭነው እንዳሳለፉ ታይቶ ነው። ባዶ የሚቆሙበት ጊዜ ሲበዛ ካምፓኒው ለእያንዳንዱ ጉዞ የሚከፍለው ይጨምራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶው ሰዓት ለካምፓኒው ዋጋ ተቆረጠለት። ታዲያ ምን አደረጉ? ሰው በማይበዛበት ሰዓት ሹፌሮቹን ከአፑ ማስወጣት ጀመሩ። ሹፌሩ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ "አሁን መግባት አይቻልም" የሚል ያነባል። እኔ ከተማዋ ተሳሳተች አልልም፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር አንዱን ጫፍ ስትይዘው በሌላው እንደሚያመልጥ ጥሩ ማሳያ ነው።

ለተሳፋሪውና ለሹፌሩ ይህን ካልን፣ መንገዱስ? ካምፓኒዎቹ ሲጀምሩ መጨናነቅ እንቀንሳለን ይሉ ነበር። ሰው የራሱን መኪና ይሸጣል፣ ፓርኪንግ ይቀራል፣ ወዘተ። በሳን ፍራንሲስኮ የሆነው ግን ሌላ ነው። በ2019 ታትሞ የወጣ ጥናት እንዳሳየው ከ2010 እስከ 2016 በመጨናነቅ የባከነው የመኪና ሰዓት በ62 በመቶ አደገ። እነዚህ አፖች ባይኖሩ ኖሮ ዕድገቱ 22 በመቶ ይሆን ነበር ይላል ስሌቱ። ጥናቱን ማመን ያልፈለገ ሰው ሊኖር ይችላል። በዚያው ዓመት ግን ኡበርና ሊፍት ራሳቸው አስጠንተው ይፋ ያደረጉት ነገር አለ። በስድስት የአሜሪካ ከተማ አካባቢዎች መኪኖቻቸው ከሚነዱት ርቀት ውስጥ ሰው ጭነው የሚነዱት ከ54 እስከ 62 በመቶ ብቻ ነው። የኔ ሹፌር 80 ከ140 ማለት 57 በመቶ ነው። መሃል ላይ ወደቀ። ስገምት እሱ እነዚህን ቁጥሮች አንድም ቀን አላያቸውም።

ሌላው ደግሞ ተሳፋሪው ከየት መጣ የሚለው ነው። የካሊፎርኒያው ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ በ2017 ባወጣው ጥናት በትልልቅ የአሜሪካ ከተሞች ከእነዚህ ጉዞዎች ከ49 እስከ 61 በመቶ የሚሆኑት አፑ ባይኖር ኖሮ ጭራሽ የማይደረጉ፣ ወይም በእግር፣ በብስክሌት ወይም በአውቶቡስና ባቡር የሚደረጉ ነበሩ። ከአውቶቡስ የወረደ ሰው መኪና ውስጥ ሲገባ መንገዱ ላይ የሚይዘው ቦታ ምን ያህል እንደሚጨምር ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

"እሺ፣ ታዲያ አንድ መኪና ላይ ሦስት አራት ሰው እናስቀምጥ" ማለት ይመጣል። ወረቀት ላይ ደግሞ እጅግ ያምራል። ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 የኒው ዮርክን ታክሲ ጉዞዎች ይዘው ሲያሰሉ፣ ተሳፋሪዎች አምስት ደቂቃ መዘግየት ከታገሡ ጠቅላላው ርቀት በ40 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል አገኙ። በ2017 ደግሞ አራት አራት ሰው የሚጭኑ 3,000 መኪኖች 13,000 ገደማ ታክሲዎች የሚያነሱትን ሰው 98 በመቶ ማስተናገድ ይችላሉ አሉ። እንደ ተአምር ነው።

በተግባር እንዲህ ነው። ትጠራለህ፣ መኪናው ይመጣል። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ተቀምጧል። ሰላም ትለዋለህ፣ ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል። ሁለት መንገድ እንደሄዳችሁ ስልኩ ይጮኻል፣ ሦስተኛ ሰው። ሹፌሩ ይተነፍሳል፣ ይታጠፋል። ሦስተኛዋ ገና ከቤት አልወጣችም። ሦስት ደቂቃ ጸጥ ብላችሁ ትቀመጣላችሁ። ትገባለች፣ ይቅርታ ትጠይቃለች። ከዚያ መጀመሪያ እሷን ለማድረስ ከሰፈርህ በተቃራኒ ይነዳል፤ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ ለሦስታችሁም የሚቀርበው ያ ነው ብሏል። ልክ ነው ምናልባት። አንተ ግን ከቤትህ እየራቅህ ነው፣ ሰዓትህን እያየህ ነው። በሚቀጥለው ቀን ትንሽ ጨምረህ ለብቻህ ትጠራለህ።

ኡበርም ሊፍትም በ2014 የጀመሩት የጋራ ጉዞ ያላደገው በዚህ ነው። ተጓዳኝ ተሳፋሪ ባይገኝ እንኳ ቅናሹ ስለማይቀር ብዙ ጊዜ አንድ ሰው በግማሽ ዋጋ ለብቻው ይሄዳል፣ ልዩነቱን ካምፓኒው ይሸፍናል። እንዲሠራ ደግሞ በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ሰዓት እጅግ ብዙ ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ብዙ ሰው ያለበት መስመር ላይ ግን አውቶቡስ ይበቃል! ኮሮና በመጋቢት 2020 አስቆመው። ኡበር በኋላ በሌላ ስም መለሰው፣ ሊፍት በ2023 ተወው። በስሙ "መጋራት" ያለበት ኢንዱስትሪ መጀመሪያ ያቆመው መጋራትን ነው።

አንዳንድ ከተሞች "ታዲያ አውቶቡሱን ትተን ለአፑ እንደጉም" ብለው ሞክረዋል። በካናዳ ኦንታሪዮ ያለችው ትንሿ ኢኒስፊል ከተማ በ2017 ይህን አደረገች። ነዋሪው ወደ 36,000 ነው፣ የተበታተነ ሰፈር ነው። አንድ አውቶቡስ በዓመት ወደ 270,000 የካናዳ ዶላር፣ ሁለት ከ600,000 በላይ ይጠይቃል ተባለ። ስለዚህ ነዋሪው ከ3 እስከ 5 ዶላር ከፍሎ በኡበር እንዲሄድ፣ ቀሪውን ከተማው እንዲከፍል ተወሰነ። ሰው ወደደው፣ ተጠቀመ። በዚህ ምክንያት በ2018 ወጪው ከ600,000 አለፈ። በ2019 ዋጋ ጨመሩ፣ ለአንድ ሰው በወር ከ30 ጉዞ በላይ አይቻልም አሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። አውቶቡስ ላይ 11ኛው ተሳፋሪ ሲወጣ ከተማው የሚያወጣው ተጨማሪ ገንዘብ ከዜሮ አይርቅም። በድጎማ መኪና ላይ ግን እያንዳንዱ ጉዞ አዲስ ሂሳብ ነው። አውቶቡስ ሲሳካለት ይረክሳል፣ ይሄኛው ሲሳካለት ይወደዳል። ሰው እንዳያበዛው የሚለመንበት የሕዝብ ትራንስፖርት ትንሽ ግራ ያጋባል። ኢኒስፊል ሞኝ ናት ማለቴ አይደለም፣ እንደዚያ ለተበታተነ ሰፈር ሌላ አማራጭ ብዙም የለም። ትልቅ ከተማ ግን ከእሷ ቀድቶ ቢጀምር ይጎዳል።

በመሃል ላይ፣ በአፕ የሚጠራ ሚኒባስ የሞከሩም አሉ። የሄልሲንኪው ኩትሱፕለስ በ2015 መጨረሻ ተዘጋ። የቦስተኑ ብሪጅ በ2017፣ ፎርድ የገዛው ቻሪዮት በ2019 ተዘጉ። በ2017 ካይሮ ላይ የተጀመረው ስዊቭል ናስዳክ የተባለው የአሜሪካ አክሲዮን ገበያ ድረስ ደርሶ በወራት ውስጥ ከሠራተኞቹ ሲሶ የሚሆኑትን ቀነሰ። ትምህርቱ ተመሳሳይ ነው። ሚኒባስ የሚያዋጣው ሲሞላ ነው፤ አፑ ደግሞ ሰውን በየደጁ ላንሳ ሲል አይሞላም።

እኔን በጣም ደስ ያለኝ ሙከራ የሕንዱ ናማ ያትሪ ነው። በ2022 ቤንጋሉሩ ላይ ለባጃጅ ሹፌሮች የተከፈተ አፕ ነው። ኮሚሽን የለውም። ሹፌሩ በቀን ትንሽ ቁርጥ ክፍያ ይከፍላል (በ2023 25 ሩፒ ነበር)፣ ቀኑን ሙሉ የሠራው የራሱ ነው። ተሳፋሪው በቀጥታ ለሹፌሩ ይከፍላል። ትልልቆቹም በኋላ ለባጃጅ ተመሳሳይ አሠራር ለመከተል ተገደዱ። ይሄ ያጋለጠው ነገር አለ፤ ሰውን ከመኪና ጋር ማገናኘት ያን ያህል ውድ ሥራ አይደለም። ለምን 25 በመቶ? ሆኖም ባዶዋን ኪሎ ሜትር አልነካትም። እዚህም ቢሆን ያው የሹፌሩ ናት፣ ቢያንስ የሠራበትን ሌላ ሰው አይቆርስለትም እንጂ።

አሁን ደግሞ ራሳቸውን የሚነዱ መኪኖች መጥተው ሹፌሩ ራሱ እየወጣ ነው። መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በመጋቢት 2018 አሪዞና ውስጥ የኡበር የሙከራ መኪና አንዲት እግረኛ ገጭቶ ገደለ፣ ኡበር በ2020 ክፍሉን ለሌላ ካምፓኒ አስተላለፈው። በ2023 ክሩዝ የተባለ ካምፓኒ ሹፌር አልባ መኪና ሳን ፍራንሲስኮ ላይ፣ ሌላ መኪና ገጭቶ የጣለበትን ሰው ጎተተ። ፈቃዱ ታገደ፣ ባለቤቱ ጄኔራል ሞተርስም በ2024 መጨረሻ ገንዘቡን አቆመ። ጎግል በ2009 የጀመረው ዌይሞ ግን ቀጥሏል። በ2025 ጸደይ በሳምንት 250,000 የተከፈለባቸው ጉዞዎች ላይ ደርሷል። ኡበር ደግሞ የራሱን ትቶ አሁን በአንዳንድ ከተሞች የዌይሞን መኪና በአፑ ይልካል።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው "ሹፌሮቹ ምን ይሆናሉ?" ነው። ልክ ነው። እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ጠዋትና ማታ ይበዛል፣ ቀን ይቀንሳል። ለጠዋቱ የሚበቃ ሮቦት መኪና የገዛ ካምፓኒ ቀን ላይ ግማሹን ያቆማል። መኪናው የራሱ ነው፣ ገንዘቡ ቆሞ ነው የሚያድረው። ስለዚህ የሚያዋጣው ቀኑን ሙሉ ለሚኖረው ሥራ ብቻ የሚበቃ ሮቦት መያዝ፣ በጥድፊያው ሰዓት ደግሞ ሰው ሹፌሮችን መጥራት ነው። ማለትም ሮቦቱ ቋሚውን ሥራ ይወስዳል፣ ሹፌሩ ፍርፋሪውን። ከራሱ መኪና ጋር፣ በራሱ ነዳጅ፣ በቀን ለሦስት ሰዓት። ሹፌሩ አይጠፋም ይሆናል። መጠበቁ ግን ይረዝማል።

መንገዱስ? ባዶ የሚዞር መኪና ውስጥ የሚደክም ሰው ከሌለ፣ መዞር ምን ያህል ይወደዳል? ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው። ፓርኪንግ ውድ በሆነበት ቦታ ቆሞ ከመክፈል እየዞሩ መጠበቅ ሊረክስ ይችላል። ከተሞች ይህን ለመያዝ መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል። ኒው ዮርክ በጥር 2025 ወደ ማንሃታን መሃል የሚገባን የግል መኪና 9 ዶላር ማስከፈል ጀመረች። የአፕ መኪና ግን በጉዞ 1.50 ዶላር ነው፣ ከተሳፋሪው የሚሰበሰብ። ባዶውን የሚዞረው አይከፍልም። ስለዚህ የተጫነው ተቀጣ፣ ባዶው በነጻ አለፈ። የኔ ቢሆን ቅደም ተከተሉን እገለብጠው ነበር፦ ባዶ ኪሎ ሜትር ውድ፣ አንድ ሰው የያዘ መካከለኛ፣ ሦስት የያዘ በነጻ። መረጃው አለ፤ እያንዳንዱ አፕ መኪናው የት እንዳለና ማን እንዳለበት በየሰከንዱ ያውቃል። ከተማው ነው የማያውቀው፣ ወይም ያልጠየቀው።

በነሐሴ 2024 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ ነገር ሆነ። ዌይሞ መኪኖቹ ሥራ ሲቀዘቅዝ የሚያርፉበት ሜዳ ተከራይቶ ነበር፣ ከመኖሪያ ሕንፃዎች ሥር። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ መኪኖቹ ለመቆም ወደኋላ ሲሉ አንዱ ለሌላው ጥሩምባ ይነፋ ጀመር፤ ሲጠጋብህ ንፋ ተብሎ ተጽፎለታል፣ ሜዳው ላይ ደግሞ ሁሉም ይጠጋጋል። ውስጣቸው ሰው የለም። ሕንፃው ላይ ያለው ነዋሪ ግን ከእንቅልፉ እየተነሳ በመስኮት ያያል። አንዱማ ካሜራ ተክሎ ለዓለም በቀጥታ ማስተላለፍ ጀመረ። ካምፓኒው ሶፍትዌሩን አስተካከለ፣ ጥሩምባውም ቀነሰ። መኪኖቹ ግን እዚያው ሜዳ ላይ መውጣት መግባታቸውን ቀጠሉ፣ ባዷቸውን።